የወይብ ዳር ጎጆዎች

ከዲንሾ ወደ ወይብ ሸለቆ የወጣ ሰው ከወንዙ ማዶ ጎጆዎች ያያል። ከተማ አይባሉ፤ መንደር ለማለትም ያከራክራል። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚኖሩት?

የባሌ አርቢ ዱሮ የታችኛው መሬት በሰብል ሲያዝ ከብቱን እየነዳ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር። ግጦሹም ሆራውም እዚያ ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ይወርዳል። ምልልሱን «ጎዳንቱ» ይሉታል፤ ጎጆውም የወራት ማረፊያ ነበር።

በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርኩ ሲቋቋም የከብቱ መንገድ ፓርክ ውስጥ ገባ። (ፓርኩ ራሱ ወሰኑ በደንብ የጸናለት ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው!) ታች ደግሞ የሮቤን ዙሪያ ሜዳ የስንዴ እርሻ ወሰደው። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላም ደርግ ገበሬውን በመንደር ሰበሰበው፤ መንደር ምሥረታ አገር አቀፍ ዘመቻ ሳይሆን በፊት የተጀመረው ባሌ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ብዙ ሰው ወደ ተራራው ወጣ፤ መውረጃው ግን ጠቦ ነበርና እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ሰፋሪውን ከ1983 ወዲህ የመጣ እንግዳ ማለት ጎዳንቱን መካድ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ መክረምም ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ ከሰው ጋር ውሻ ይመጣል፣ ከውሻው የእብደት በሽታ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል። ከ500 በታች ከቀሩት ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት እዚሁ ባሌ ነው። ለዚህም ነው ክትባት የያዙ ሰዎች ውሻ ፍለጋ ከጎጆ ጎጆ የሚዞሩት።