ዝማሜና ርዕደት

ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሽሬ የሚወርድ መንገደኛ ጣልያን በወረራው ዘመን የቀደደውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ጨርሶ ወደ ቆላው ሲገባ አዲ አርቃይን ያገኛል፤ መኪና ሳይመጣ ግን ይህን ገደል ነጋዴውም መነኩሴውም በእግሩ ይወጣው፣ በእግሩም ይወርደው ነበር፤ የዋልድባን ገዳም ለመሳለም የሚሄደው ምእመን ዛሬም በዚሁ አውራጃ እግሩን አይሰስትም። ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድም፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተክሎበት፣ ወጊም ተወጊም ሳይሰማቸው ከቆዩ በኋላ፣ ንጉሡ የወደደውን እንዲለምን ቢፈቅድለት ስንብትን ብቻ ለምኖ የመጣው ወደዚሁ ወደ ሰሜንና ወደ ጸለምት ምድር ነው።

ከእርሱ የወረደውን ዜማ በአካል ማስኬድ የሚማሩበት ታላቁ ጉባኤ ደግሞ ጎንደር በአታ ነው። መምህሩ ደቀ መዝሙሩን አስቀድሞ በቁም ዜማ ድምፁን ያስይዘዋል፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያውን እያዘነበለና እያነሣ በመላ ሰውነቱ ዜማውን እንዲከተል ያደርገዋል፤ በመረግድ ከበሮው በዝግታ ይገባል፣ በጽፋትም ከጭብጨባው ጋር ይፈጥናል። የበዓል ዋዜማ ከመሸ ጀምሮ እስከ ንጋት በማኅሌት ቆሞ የሚያድረውን ሽማግሌ መሪጌታ ያየ ሰው፣ ይህ ሥርዓት ለነፍስ የተሠራ ቢሆንም ሥጋን እንዳላስቀመጠ ይመሰክራል።

አካልን በምት የማስኬዱ ነገር ግን እጅን የሚያንቀጠቅጥና እርምጃን የሚያውክ አንድ ደዌንም ያስታውሳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1817 በስሙ የተጠራውን ደዌ ሲጽፍ የሕሙማኑን የእጅ ርዕደትና የእርምጃ መታወክ አየ እንጂ ሥሩን አላወቀም፤ ሥሩ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩት የአንጎል ሕዋሳት መሞት መሆኑ የተገለጠው መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሲጎድሉ አንጎል የእርምጃን ልክ ከውስጥ መስጠት ይሳነዋል፤ ከውጭ የሚሰማ ምት ግን ሌላ መንገድ ይከፍትለታል። በ1996 በአሜሪካ ሕሙማንን ለሦስት ሳምንት በሚመታ ዜማ ያራመዱ ተመራማሪዎች ፍጥነታቸውም ርምጃቸውም ሲጨምር አይተዋል። በ2018 የታተመው የ128 ሕሙማን ጥናት፣ ልብን ከችሎታዋ ከመቶ 80 እስከ 85 የሚያደርስ ብርቱ እርምጃ ለ6 ወር የተራመዱት ያልተራመዱትን ያህል እንዳልባሰባቸው አሳየ። በ2024 ደግሞ የየል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የ10 ሕሙማንን አንጎል ከ6 ወር ብርቱ እንቅስቃሴ በፊትና በኋላ በመሣሪያ ቢመለከቱ፣ ይደክማል የተባለው የሕዋሳቱ ምልክት በርትቶ ተገኘ፤ ነገሩ ታላቅ ነው፣ አሥር ሰው ግን ጥቂት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ማኅሌት ፓርኪንሰንን ይፈውሳል የሚል ቢነሣ እኔ አልተባበረውም፤ አባቶችም ዝማሜን ለመድኃኒት አልሠሩትም። የማልቀበለው ሌላ ልማድ ግን አለ፤ እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረውን አባት ለአክብሮቱ ስንል «ይረፉ፣ ይቀመጡ» ብለን ከመንገዱም ከማኅሌቱም እናስቀረዋለን። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ሰዎችም ካህናቱንም እለምናለሁ፦ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ ሐኪሙም እስከ ፈቀደለት ድረስ፣ መቋሚያውን ከእጁ አትውሰዱበት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ከጎኑ አንድ ሰው ይቁምለት።