ከቆሎ ትምህርት እስከ በረንዳ፦ የአዲስ አበባ ኮብላይ ልጆች

ልጅ ከቤት መኮብለሉ በኢትዮጵያ ደጋ ከተሞች ሳይስፋፉ የነበረ ነገር ነው። ትምህርት የጠማው የገበሬ ልጅ አባቱ ከእረኝነት አልለቅህም ሲለው ሌሊት ተነሥቶ ይጠፋል፤ ዘመድ እንዳያገኘውም አገር አቋርጦ ከአንድ የዜማ ወይም የቅኔ መምህር ደጅ ይጠጋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የለመነውን ቁራሽ ይበላል። ውሻ ይነክሰዋል፤ በጎጆውም እከኩ፣ ተስቦው ይፈራረቅበታል። ኑሮው መራራ ቢሆንም ሥርዓት ነበረው። ባላገሩ የቆሎ ተማሪ ነው ብሎ ይመጸውተዋል፤ መምህሩና ታላላቆቹ ይቆጣጠሩታል። ወደ ከተማ የኮበለለው ልጅ ሥራ አላጣም፤ ያጣው ይህን ዓይነቱን ቦታ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የኮብላይ መጠጊያ የመኳንንቱ ግቢ ነበር፤ በአሽከርነት የገባ ልጅ ቢያንስ ምግብና ማደሪያ አያጣም። ባቡር በ1909 ዓ.ም. ከደረሰና ሱቅና ሆቴል ከበዛ በኋላ ግን ጌታ የሌለው ሥራ ተፈጠረ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት ደግሞ መርካቶ የሸክምና የችርቻሮ ማዕከል ሆነ።

ከጎዳና ሥራዎች ሁሉ የተሻለው፣ ስሙን ከጣሊያንኛ የወሰደው ሊስትሮነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሊስትሮው ሣጥን ቀለሙን፣ ብሩሹንና ጨርቁን ይይዛል፤ ደንበኛው እግሩን የሚያሳርፍበትም እሱው ነው። አንድ ጫማ ሲያልቅ ልጁ በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ቆርቆር ያደርጋል፤ ደንበኛው እግር ይቀይራል። የሚቀመጥበት ጥግ ባለቤት አለው፤ አዲስ መጤ በዘመድ ወይም በአገር ልጅ ካልሆነ አይጠጋም። ለብዙ ዘመን ሥራውን የያዙት የጉራጌ ልጆች ነበሩ፤ በዕለት ዕቁብ ሳንቲም አጠራቅመው ወደ ሱቅ በደረቴ፣ ከዚያም ወደ ሱቅ የተሻገሩ አሉ። በኋላ የወላይታ፣ የሐዲያና የጋሞ ልጆች ተተኩ። ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም. ሲቋቋም ሎተሪ ማዞርም ተጨመረ።

የአገር ልጅ የሌለው ከአውቶቡስ ተራ ወርዶ ኩሊ ይሆናል፤ ማታ ሱቅ ሲዘጋ በረንዳ ላይ ያድራል። ዘበኛው ካልከለከለ ልጆቹ ከቡድናቸው ታላቅየው ጋር ተደራርበው ይተኛሉ፤ ጥበቃውም ጉልበቱም የታላቅየው ነው፤ ከዕለቱ ገቢ ድርሻ የሚነሣውም እሱ ነው። ምግባቸው ብዙ ጊዜ ቡሌ፣ ማለትም ከሆቴል የተራረፈ ትርፍራፊ ነው። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ብርዱንና ረኃቡን ለመርሳት ማስቲሽ መሳብ ተስፋፍቷል።

ሴቶቹ በበረንዳ ላይ እምብዛም አለመታየታቸው አልኮበለሉም ማለት አይደለም። ያለዕድሜ ጋብቻ ሸሽታ የመጣችውን ልጅ ከአውቶቡስ ተራ የሚቀበላት ደላላ ነው፤ በቤት ሠራተኝነት ያስቀጥራታል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ማን እንደሚበድላት የሚያይ ጎረቤት የለም። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት ቢያደርግም ልማዱ ወዲያው አልቆመም።

የጎዳና ልጆችን ቁጥር ያበዛው ኩብለላ ብቻ አልነበረም። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ፣ የቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1983 ዓ.ም. የወታደሩ መበተን ብዙ ቤተሰብ አፈረሱ። ከአባት ሞት በኋላ ጎዳና የወጣውንና እንጀራ እናት የመረረችውን ልጅ ግን መንገደኛ አይለይም፤ ሁሉንም በረንዳ አዳሪ ሲል ኖሮ ኋላ ጎዳና ተዳዳሪ አላቸው።

መንግሥታት ነገሩን በአብዛኛው ያዩት የጸጥታ ጉዳይ አድርገው ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ቦዘኔነትን ወንጀል አደረገ፤ ወንጀል የሠራ ሕፃን ወደ ጠባይ ማረሚያ ይላካል። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ብታጸድቅም፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ዋስትና ከለከለ። ትልቅ ጉባኤ ሲቃረብ የሚደረገው አፈሳም በየዘመኑ ታይቷል፤ የታፈሱትም ብዙዎቹ ተመልሰው መጥተዋል። በሌላ በኩል እንደ ሆፕ ኢንተርፕራይዝስ ያሉ ድርጅቶች የምግብ ኩፖን ለመጽዋቾች እየሸጡ ልጆቹን መመገብ ጀመሩ፤ ሌሎችም መጠለያ ከፍተው ልጆችን ከቤተሰብ ወደ ማገናኘት ሥራ ገቡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙትን ስለ ሕፃናት መብት ከመሥራት አገዳቸው፤ ክልከላው የተነሣው በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው።