የቀንጢቻ አለትና የሩቅ ዘመን አደራ



ከነገሌ ቦረና በስተምዕራብ፣ በጉጂ ምድር፣ ቀንጢቻ የሚባል የታንታለም ማዕድን ሥፍራ አለ። የሥነ ምድር ተመራማሪዎች የአለቱን ዕድሜ ለክተው ወደ 530 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ልኬት የተቻለው በማዕድኑ ውስጥ ያለው ጥቂት ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፣ ማዕድኑም ሁለቱን ይዞ ስለቆየ ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ ይነሣል፦ ጨረር አመንጪ ነገር ተሸክሞ የሚኖር ድንጋይ እሱ ራሱ ምን ይሆናል?

ጥያቄው የኑክሌር ዘመንን ይቀድማል። ኖርዌያዊው ብሮገር እ.ኤ.አ. በ1893 ውጫዊ ቅርጻቸው የክሪስታል ሆኖ ውስጣቸው እንደ መስታወት ሥርዓት ያጣ ማዕድናትን «ሜታሚክት» ብሎ ሰየማቸው። ራዲዮአክቲቪቲ ገና አልታወቀም ነበርና መንሥኤው ተሰውሮ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1914 ስዊድናዊው ሃምበርግ ጉዳቱ የአልፋ ጨረር ሥራ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። ጠመንጃ ሲተኮስ የተኳሹን ትከሻ እንደሚመታ ሁሉ፣ አልፋ ቅንጣት የወረወረ አቶምም ወደ ኋላ ተገፍቶ በአካባቢው ያሉትን በርካታ አቶሞች ከቦታቸው ያፈናቅላል። መፈናቀሉ ሲደጋገም ክሪስታሉ ይፈርሳል፤ ድንጋዩም ያብጣል። ዚርኮን የተባለው ማዕድን በዚህ ሳቢያ መጠኑ እስከ 18 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ የማዕድን ተመራማሪዎች ዕውቀት ሌላ ጥቅም አገኘ። አሜሪካዊው ሃች እ.ኤ.አ. በ1953 የኑክሌር ቆሻሻን በማዕድን ውስጥ አስሮ የማኖር ሐሳብ አቀረበ። አውስትራሊያዊው ሪንግዉድም በ1970ዎቹ መጨረሻ «ሲንሮክ» የተባለውን ሰው ሠራሽ ዐለት አስተዋወቀ። ሆኖም ፕሉቶኒየም-238 የተጨመረበት ዚርኮን በቤተ ሙከራ ሲፈተን፣ በጥቂት ዓመታት ብቻ የክሪስታል ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አጣ። በአንጻሩ ከጋዶሊኒየምና ከዚርኮኒየም የተሠራው ፓይሮክሎር ጨረሩን ተቋቁሞ ክሪስታልነቱን ጠበቀ። ስለዚህ ዋናው ነገር ሴራሚክ መምረጡ ብቻ ሳይሆን የትኛውን ሴራሚክ መምረጡ ሆነ።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የቦረና የገዳ ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ የቃል ታሪክ አዋቂዎችም የአባ ገዳዎችን ስም በቅደም ተከተል ይዘው ለዘመናት አሻግረዋል። ይህ ከሰው ልጅ ድንቅ የትውስታ ሥራዎች አንዱ ነው። የፕሉቶኒየም-239 ግማሽ ዕድሜ ግን 24,100 ዓመት ገደማ ነው፤ ይህም ከ3,000 በላይ የገዳ ዘመናት ማለት ነው። ያን ያህል ዘመን ማስጠንቀቂያን በታማኝነት የሚያስተላልፍ ሥርዓት የሰው ልጅ እስካሁን አላየም። ሰው ሊሸከመው የማይችለውን አደራ ድንጋይ እንዲሸከመው እንጠይቃለን።

ድንጋይ ይችል እንደሆነ ደግሞ ከቤተ ሙከራ አጭር ዕድሜ ብቻ አንማርም። እንደ ቀንጢቻ ያሉ አለቶች የሰው ልጅ ሊጠብቀው የማይችለውን ረጅም ፈተና አልፈው ከፊታችን ቆመዋል። የደቡባችን ማዕድን በዓለም ገበያ ለታንታለሙ ይፈለጋል። እኛ ተመራማሪዎች ግን የተሸከመውን የዘመን ማስረጃም አብረን ልናነብበው ይገባል።