አምስት ዶላርና የሕፃን ፎቶግራፍ፦ በኮሪያ የሕፃናት ረድኤት አጀማመር



ባሕር ማዶ ላሉ ወላጅ አልባ ሕፃናት የቆሙ የክርስቲያን ድርጅቶች ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአንድ መሥራች ልብ መነካት ነው። የወርልድ ቪዥን ታሪክም እንዲሁ ይተረካል። አሜሪካዊው ወንጌላዊ ቦብ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1947 ቻይና ሳሉ አንዲት ሚስዮናዊት መምህርት፣ አባቷ ደብድቦ ያባረራትን ልጅ አምጥታ ምን ሊያደርጉላት እንደሚችሉ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የቀራቸውን አምስት ዶላር ሰጥተው፣ በየወሩ ያንኑ ያህል ለመላክ ቃል ገቡ። ድርጅቱ በ1950 ተመሠረተ።

ትረካው ሐሰት ነው አልልም፤ ጎደሎ ነው እላለሁ። ፒርስ በ1950 በኮሪያ ሲሰብኩ ያስተረጎሙላቸው ፓስተር ሃን ክዩንግ ቺክ፣ ከዚያ አስቀድሞ በሰሜን ኮሪያዋ ሲኑይጁ ለሕፃናት ማሳደጊያ የደከሙ፣ በ1945 ወደ ደቡብ ተሰድደው በሴኡል የስደተኞችን ቤተ ክርስቲያን የመሠረቱ ሰው ነበሩ። ፒርስ ገንዘብና የፊልም ካሜራ ይዘው ሲመጡ ሥራው ተጀምሮ ቆይቷቸዋል። በቅርብ ዓመታት አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ሃንን ከመሥራቾቹ ጋር መቁጠራቸው ተገቢ ይመስለኛል።

አንድን ሕፃን ከአንድ ለጋሽ ጋር በስም የማገናኘቱ ዘዴም የፒርስ ፈጠራ አይደለም። የፕሬስቢቴሪያን አገልጋዩ ካልቪት ክላርክ በ1938 ለቻይና ሕፃናት ባቋቋሙት ድርጅት ሲሠራበት ቆይቷል። ኤቨሬት ስዋንሰን በ1952 ኮሪያን ጎብኝተው የኮምፓሽንን መሠረት ጣሉ፤ ወርልድ ቪዥንም በ1953 በዚያው መንገድ ገባ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የልጁ ፎቶግራፍ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፣ ወርኃዊው ገንዘብ ይመጣል፣ ደብዳቤም ይከተላል። ለእርሻ ባለሙያና ለልብስ ሰፊ ቤተሰብ እንኳ የሩቁ ጦርነት ፊትና ስም ያለው ሆነላቸው። የዘዴውን ኃይል መናቅ አይቻልም።

ችግሩ ገንዘቡ የሚከተለው በማሳደጊያው መዝገብ የሰፈረውን ልጅ እንጂ በቤቷ የተራበችውን እናት አለመሆኑ ነው። በጦርነቱ ባሏን ያጣች ሴት ልጇን ለማብላትና ለማስተማር የነበራት አንዱ መንገድ ለማሳደጊያ መስጠት ሆነ፤ በማሳደጊያዎቹ ከነበሩት ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ነበራቸው። የፒርስን ትረካ የከፈተችው ያቺ ልጅ እንኳ አባት ነበራት! «እጓለ ማውታ» የሚለው የግእዝ ቃላችን የሙታን ልጆች ማለት ነውና፣ እነዚህን ሕፃናት ባልገለጸም ነበር። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ሁሉንም ጠቀለለ፤ ለጋሹም የሰማው ያንን ነው።

በዚያው በ1953 የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን በዶንግዱቼዎን ከደመወዛቸው አዋጥተው የሕፃናት ማሳደጊያ ከፍተዋል። ሰባኪም ሆነ የእርዳታ ድርጅት አልነበሩም፤ እንደ ፒርስ በአገራቸው የሚያሳዩት ፊልም፣ የሚሰበስቡት ጉባኤም አልነበራቸውም። ተማሪዎቼ ከኮሪያ ጦርነት የምርምር ርእስ ሲጠይቁኝ አስቀድሜ የምጠቁማቸው ይህን ቤት ነው፤ በተለይም እዚያ ያደጉት ልጆች ዛሬ በራሳቸው አንደበት የሚናገሩትን። ለጋሾቹማ ብዙ ጽፈውልናል።