ግጭ፦ ከፓርኩ የቀደመችው መንደር

ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃበር በኩል ወደ እሜት ጎጎ የሚጓዝ ሰው ጅንባር ወንዝን ተሻግሮ ሽቅብ ሲወጣ ሰፊ የጓሳ ሜዳ ላይ ይደርሳል። ከሜዳው ግርጌ፣ ዛሬ ሣር መልሶ በሸፈነው ተዳፋት ላይ፣ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ ግጭ የምትባል መንደር ነበረች። አብዛኛው ነዋሪዋ ሙስሊም ነበር፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ ውርጭ ገብስ እያረሰ፣ በግና ከብት እያረባ ይኖር ነበር። ቱሪስት መምጣት ሲጀምር ደግሞ በቅሎ መጫንና መንገድ መምራት ተጨማሪ እንጀራ ሆነለት።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ግጮች ያን ጊዜ አርሰው፣ ልጅ ድረው፣ ሙታናቸውን ቀብረው የከረሙ ነበሩ። የቆዩበት ቦታ ሳይለወጥ በአዋጅ የፓርክ ውስጥ ሰዎች ሆኑ። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ሰሜን ከላሊበላ ጋር የመጀመሪያዎቹ 12 የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ከበሬታው ለዋልያውና ለገደሉ ነበር። በደርግ ዘመን ከገደሉ ሥር የነበሩ መንደሮች በግዳጅ ተነሥተዋል፤ ግጭ ግን ተረፈች።

የተፈጥሮ ጠባቂዎቹ ሥጋት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሃንስ ሁርኒን የመሳሰሉ የስዊስ ተመራማሪዎች የጅንባር ሸለቆ አፈር በእርሻ ብዛት እንዴት እየታጠበ እንደሚሄድ በዝርዝር አጥንተዋል። ማሳውና ግጦሹም ዋልያውን ወደ ገደል አፋፍ ይገፋው ነበር። በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ፓርኩን በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሲያስገባው የዋልያው ቁጥር ማሽቆልቆል፣ እርሻው፣ ልቅ ግጦሹና በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ ምክንያት ሆነው ተጠቀሱ።

ከዚያ በኋላ ወሰኑ ተከለሰ። ፓርኩ ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሰፋ ጠርዝ ላይ የነበሩ መንደሮች ከክልሉ ውጭ እንዲሆኑ ተደረገ። የግጭ ዕጣ የተቆረጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መሐል ላይ ያለችን መንደር ማንም ወሰን ቀያሽ ወደ ውጭ ሊያወጣት አይችልም። በ2008 ዓ.ም. 418 አባወራና እማወራ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በፈቃድ ነው ተባለ። ሌላ አማራጭ ያልቀረበለት ገበሬ እሺታ ምን ያህል ፈቃድ እንደሆነ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው። ካሳና የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጣቸው፤ የሚያርሱት መሬት ግን አላገኙም። ትናንት ገብሱን ከጓሮው ያፍስ የነበረ ሰው ከተማ ገብቶ እህል ሸማች ሆነ።

በቀጣዩ ዓመት፣ ሰኔ 2009፣ ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ። የደስታው መግለጫ ስለ ዋልያና ስለ ግጦሽ መቀነስ ብዙ አለ። የድሉን ዋጋ የከፈሉት ሰዎች ግን ከቁጥር ያለፈ ቦታ አላገኙም።

የተራራው ካምፕ ዛሬም ግጭ ካምፕ ይባላል፤ ጎብኚው ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የማሳዎቹን፣ የምንጮቹንና የመቃብሮቹን ስም የሚያውቁ አዛውንቶች ደባርቅ ውስጥ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት የእግር መንገድ ርቀት ላይ ይኖራሉ። ጽሕፈት ቤቱ እነሱ በሕይወት ሳሉ ያንን መዝግቦ ከዋልያው ታሪክ ጎን ሊያኖረው ይገባል።