ስለ እንግዳ ማሳደርና ስለ በር ዋጋ

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ በብዙ አገር ተበትነው የሚኖሩ ሰዎች ስለ 2 ዶላር ከ39 ሳንቲም አዘኑ፤ ተቈጡም። ኮችሰርፊንግ የሚባል፣ መንገደኛውን ከአሳዳሪው ጋራ በኢንተርኔት የሚያገናኝ ድርጅት አለ። ስሙ ከሶፋ ወደ ሶፋ እየተንሸራተቱ መሄድ እንደ ማለት ነው፤ እንግዳውን በመደብ ላይ ሲያስተኛ ለኖረው ለእኛ አገር ሰው ነገሩ ለጆሮ እንጂ ለልብ እንግዳ አይደለም። መንገደኛው በማያውቀው ሰው ቤት ያለ ዋጋ ያድራል፤ አሳዳሪውም በተራው በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው ቤት እንዲሁ ያድራል። ከዚያ በፊት ለአባልነት የግድ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም። በዚያ ወር ግን አባሎቹ የገዛ ገጻቸውን ለመክፈት ቢሞክሩ፣ በአሜሪካ በተቈረጠው ዋጋ በወር 2 ዶላር ከ39 ሳንቲም፣ ወይም በዓመት 14 ዶላር ከ29 ሳንቲም ካልከፈላችሁ አትገቡም የሚል ጽሑፍ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ይህን ወሬ መጀመሪያ በሰማሁ ጊዜ በልቤ ፈረድሁባቸው። ስንት ሌሊት በነጻ ያደረ ሰው፣ በአገሩ አንድ ስኒ ቡና ለማይገዛ ገንዘብ እንዲህ ይጮኻልን? አልሁ። ዕድሜውን በማስተማር የፈጸመ ሰው ለመፍረድ ይቸኩላል፤ የተማሪውን ደብተር ገና ሳይገልጥ ቀዩን እስክሪብቶ ማንሣት የሙያችን በሽታ ነው። በኋላ ግን ነገሩን ከሥሩ ብመለከተው፣ ጩኸቱ ስለ ገንዘቡ ማነስና መብዛት እንዳልሆነ ተረዳሁ።

አባሎቹ ያሉት በአጭሩ ይህ ነበር። እኛ አሳዳሪዎቹ ከእንግዳ አንድ ሳንቲም ተቀብለን አናውቅም፤ አልጋው የኛ፣ እራቱም የኛ፣ ድካሙም የኛ ነው፤ እንግዴህ ለመስጠት መክፈል ይገባናልን? ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነበር። በዚያ ማኅበር እንግዳው ስለ አሳዳሪው፣ አሳዳሪውም ስለ እንግዳው ምስክርነት ይጽፋል፤ እገሌ ደግ ነው፣ እገሊት የታመነች ናት እየተባለ በየገጹ ይከማቻል። የማያውቁትን ሰው ደፍሮ ወደ ቤት ማስገባት የሚቻለው በዚህ ምስክርነት ነው። የብዙ ዓመት ምስክርነታቸው፣ ከእንግዶቻቸው ጋራ የተጻጻፉት ደብዳቤም ሁሉ ከተዘጋው በር ውስጥ ቀረ። ጨዋ ሰው ስሙን ከመንደሩ ሽማግሌዎች ዘንድ ያስቀምጣል፤ እነዚህ ግን ስማቸውን ያስቀመጡት ዕቃ ቤቱን በሚያከራይ ሰው ዘንድ ኖሯል።

ይህ እንዴት እንደ መጣ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ከመጨረሻው ታሪክ በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) መንገደኛን ማሳደር በማኅበር ደረጃ የተደራጀው ገንዘብ ለመቈጠብ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባለቀ በአራተኛው ዓመት፣ ቦብ ሉትዋይለር የተባለ አሜሪካዊ በዴንማርክ ከነበሩ ወጣቶች ጋራ ሆኖ ዛሬ ሰርቫስ የሚባለውን ማኅበር መሠረተ። አሳባቸው ይህ ነበር፤ ሰው በጠላቱ ቤት አንድ ሌሊት ካደረ፣ ልጆቹን ካየ፣ ከማዕዱ ከቈረሰ፣ ሁለተኛ መሣሪያ ሊያነሣበት ይከብደዋል። መንገደኛው አስቀድሞ በማኅበሩ ሰው ይጠየቃል፤ የታመነ ሲሆን የማስተዋወቂያ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ በአንድ ቤት የሚያድረውም በልማዱ ሁለት ሌሊት ነው። ይህ ልክ ከጥንት የመጣ ይመስላል። ዲዳኬ በሚባለው በጥንት ክርስቲያኖች የሥርዐት መጽሐፍ መንገደኛው ሰባኪ አንድ ቀን፣ ካስፈለገም ሁለት ቀን ይቈይ፣ ሦስት ቀን ከተቀመጠ ግን ሐሰተኛ ነው፣ ገንዘብ ከጠየቀም እንዲሁ የሚል አሳብ ተጽፏል። እንግዳ የሚያሰለች መሆኑን የጥንቶቹም ዐውቀውታል ማለት ነው።

ከሰርቫስ በኋላ ሌሎችም ተነሡ። በ1974 ዓ.ም. የኤስፐራንቶ ቋንቋ ተናጋሪዎች፣ የቋንቋ ወንድሞቻቸውን የሚያሳድሩ ሰዎች ስምና አድራሻ ያለበት መጽሐፍ ማሳተም ጀመሩ። በ2000 ዓ.ም. ቬት ኩነ የተባለ ጀርመናዊ ሆስፒታሊቲ ክለብ የሚባለውን በኢንተርኔት አቋቋመ። በነዚህ ላይ ብዙ አልቈይም፤ የጕዳያችን መነሻ ያለው በአይስላንድ ነውና።

ኬሲ ፌንተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ወደ አይስላንድ የሚወስድ ርካሽ የአውሮፕላን ቲኬት ገዛ፤ ማደሪያ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ለአይስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለ1500 ያህሉ፣ ከናንተ ዘንድ ልደርን? ብሎ በኢሜይል ጻፈላቸው። እኔ ተማሪዎቹን ብሆን ይህ ሰው ምን ነካው እል ነበር። እነርሱ ግን ብዙዎቹ ና ብለው መለሱለት። ከዚያ ሲመለስ ይህንን ነገር ለሁሉ የሚሆን ለማድረግ አሰበና፣ ኮችሰርፊንግ ትርፍ የማይሻ ድርጅት ሆኖ በ2004 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ገቢውም በአብዛኛው ስሙንና አድራሻውን ማረጋገጥ የሚወድ አባል በፈቃዱ ከሚከፍለው ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የነገሩ ቋጠሮ ያለው በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር የድርጅቱ መዝገብ ተበላሽቶ ብዙው ጠፋ፤ ፌንተንም ሥራው አበቃ ብሎ ለአባሎቹ አስታወቀ። አባሎቹ ግን እንቢ አሉ። የኮምፒዩተር ዕውቀት ያላቸው በፈቃዳቸው ተነሡ፤ ከነርሱም በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ የተሰበሰቡ ነበሩ፤ የጠፋውንም ያለ ደመወዝ እንደገና ሠሩት። እንግዴህ ደቦ የሚባለው ይህ አይደለምን? ነገር ግን በኛ አገር ደቦ የወጣ ሰው የማንን ቤት እንደሚሠራ ያውቃል። ጭቃውን ሲያቦካ፣ ጣራውን ሲከድን፣ ቤቱ የእገሌ ነው፤ ጠላውንም የሚጠጣው ከእገሌ ነው፤ ነገ እገሌ በተራው ለኔ ይወጣል ብሎ ነው። እነዚህ ግን ቤቱ የሁላችን ነው ብለው ሠሩት። በሕግ ፊት የሁላቸው አልነበረም። ይህንን ልዩነት ያን ጊዜ የጠየቀ ካለ ጥቂት ነው፤ በሥራው ሙቀት መካከል ወረቀቱ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቀዝቃዛ ይመስላልና አይወደድም።

ከአምስት ዓመት በኋላ መልሱ መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ድርጅቱ በበጎ አድራጎት ስም ከግብር ነጻ እንዲሆን ያቀረበውን ልመና ስላልተቀበለው፣ በ2011 ዓ.ም. ለትርፍ የሚሠራ ኩባንያ ሆነ። ቤንችማርክ በሚባለው ባለ ካፒታል መሪነት 7.6 ሚሊዮን ዶላር ገባበት፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ 15 ሚሊዮን ተጨመረ። ባለ ገንዘብ ገንዘቡን የሚያገባው አብልጦ ሊያወጣ ነው፤ ይህም ነውር የለበትም፤ ንግድ ነውና። ነገር ግን ከዚህ ኩባንያ ውስጥ ምን ይወጣል? ያለው ሀብት የአባሎቹ ደግነት ብቻ ነው። ብዙዎቹ ያን ጊዜ ተቃወሙ፤ ብዙዎቹም ምንም ስላልተከፈለ ዝም አሉ። የ2020ው ጩኸት ዘጠኝ ዓመት የዘገየ ጩኸት ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው የተሸጠበትን ቀን ሳይሆን ዋጋ የተጠየቀበትን ቀን ያስታውሳል።

ስለ ድርጅቱም እውነቱን እንናገር። በ2020 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ነበር፤ እንግዳ የሚያሳድርም የሚያድርም አልነበረም፤ ገቢያችን ወደቀ ያሉትም የታመነ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩም፣ ሠራተኛውም፣ ሌባውንና ተንኰለኛውን የሚጠብቀውም ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ከጮኹትም መካከል ለአንድ ሌሊት እንኳ በራቸውን ለሰው ከፍተው የማያውቁ፣ የሆቴል ዋጋ ለማትረፍ ብቻ የገቡ ነበሩ፤ ለነዚህ ጠበቃ አልቆምም።

መክፈልስ ራሱ ነውር ቢሆን ኖሮ፣ በሰርቫስ በብዙ አገር አባሎቹ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ስለዚህም በር ተዘጋብን የሚል አልተሰማም። ሹሞቹን የሚመርጡት፣ ደንቡንም በጉባኤ የሚያጸድቁት አባሎቹ ራሳቸው ናቸውና። እኔም ያደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት ለመንገደኞች የሚሆን ሁለት ክፍል ነበረው። በበሩ አጠገብ የእንጨት ሣጥን ተቀምጦ ነበር። ከሣጥኑ በላይ በወር ስንት እንደ ገባ፣ ለከሰል ስንት፣ ለአንሶላ አጣቢዋ ስንት እንደ ወጣ በእጅ ተጽፎ ይሰቀል ነበር። ሒሳብ የሚያስተምሩን ሴት ይህን ወረቀት እኛ ተማሪዎቹ ደምረን እንድናረጋግጥ ያደርጉን ስለ ነበር፣ አንድ ጊዜ የ35 ሳንቲም ስሕተት አግኝቼ የተሰማኝ ኵራት እስከ ዛሬ አለ። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው አመስግኖ ይሄዳል፤ ማንም ግን ምን እንደሚጠየቅ ከመግባቱ በፊት ያውቃል፣ ገንዘቡም ወዴት እንደ ሄደ ያያል። የነዚያ የኢንተርኔት አሳዳሪዎች ቅሬታ የዚህ ወረቀት መታጣት ነው።

ከነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቤት ሄዱ። ቢዌልካም የሚባለው በ2007 ዓ.ም.፣ ትረስትሩትስ የሚባለው በ2014 ዓ.ም. በፈቃደኞች ተመሥርተው ነበርና ወደነርሱ የገባ አለ። ከቅሬታውም በዚያው በ2020 ዓ.ም. ካውቸርስ የሚባል አዲስ ማኅበር ተወለደ፤ ትርፍ የማይሻ፣ የኮምፒዩተሩንም አሠራር ማንም ገልጦ እንዲያየው ያደረገ ነው። የቀድሞውም አልፈረሰም፤ የከፈሉት ቀርተዋል። ወደ አዲሱ የሄዱት ግን ምስክርነታቸውን ከባዶ ጀመሩ። አርባ ሰው ያሳደረ ሰው እንደ ትናንት ጀማሪ ስሙን ዳግመኛ መሥራት ነበረበት።

ገንዘብ ስጦታን እንዴት እንደሚለውጠው እኔ ያወቅሁት ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ነው። በኛ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. አዲስ መምህር ሆኜ በመንዝ ወደ ተመደብሁበት ትምህርት ቤት በእግሬ ስሄድ መሸብኝ። ከአንድ ደጃፍ ቆሜ፣ የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ አልሁ። ከውስጥ፣ ግባ፣ ቤት የእግዚአብሔር ነው የሚል የሽማግሌ ድምፅ መለሰልኝ። እግሬን አጠቡኝ፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ አበሉኝ፤ በመደቡ ላይ አስተኝተው ራሳቸው የሚለብሱትን ባና ደረቡብኝ። በማግሥቱ ስነሣ፣ ተምሬአለሁና ውለታ መክፈል ዐውቃለሁ ብዬ፣ ሁለት ብር አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

ሽማግሌው ገንዘቡን አላዩትም፤ ያዩት ፊቴን ነው። «ልጄ፣ ማታ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብዬህ ነበር፤ ዛሬ ጧት የኔ አደረግኸው?» አሉኝ። ሚስታቸው ዞር ብለው እሳቱን መቈስቈስ ጀመሩ። ብሬን ወደ ኪሴ መልሼ ወጣሁ፤ ዳገቱን እስክጨርስ ድረስ ወደ ኋላ ለማየት ዐፈርሁ።

ከሦስት ወር በኋላ በዚያው መንገድ ስመለስ አንድ ኪሎ ቡናና ጨው ይዤ ሆን ብዬ ወደዚያው ቤት ገባሁ። ያንን ተቀበሉኝ። ቡናው ተፈላ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ስለ ብሩ ማንም አላነሣም። ሌሊት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ሽማግሌው ከጣራው እንጨት ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብዳቤ አወጡ። ወታደር ከሆነው ልጃቸው የመጣ ነው፤ በመንደሩ የሚያነብ ሰው ስለ ጠፋ ሳይከፈት ሁለት ወር ቈይቷል። ለምን ወደ ትምህርት ቤቱ አልላኩልኝም? ብላቸው፣ «እንግዳ ተመልሶ ይመጣል ብዬ» አሉ። በኩራዙ ብርሃን አነበብሁላቸው። ልጁ ደኅና ነበር። አንደኛውን ጊዜ ለሁለቱ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ለእናቲቱ ብቻ፣ ሦስተኛውንም ጊዜ በማግሥቱ ጧት ከመሄዴ በፊት ለጎረቤቶቹ አነበብሁት።