ዘገየ አስፋው፦ "መሬት ላራሹ"ን ሕግ ካደረጉት ሰዎች አንዱ

የካቲት 25 ሲመጣ ስለ "መሬት ላራሹ" ብዙ ይለጠፋል። በ1957 ሰልፍ የወጡት ተማሪዎች ይነሳሉ፣ ደርግ ይነሳል። መፈክሩን በአንቀጽ በአንቀጽ አርቅቀው አዋጅ ካደረጉት ዋነኛ ባለሙያዎች አንዱን ግን ብዙ ወጣት በስም አያውቃቸውም።

ማን ናቸው?
አቶ ዘገየ አስፋው ሕግ የተማሩት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። አዋጅ ቁጥር 31/1967ን በማርቀቅ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በደርግ ጊዜ ሚኒስትር ሆኑ፤ ቆይቶ ያው ደርግ ለዓመታት አሰራቸው። ከእስር ሲወጡም ገበሬውን አልተዉም፤ ከገበሬዎች ጋር የሚሠራውን ሁንዴ የተባለ ድርጅት መሠረቱ። ሁንዴ በኦሮምኛ "ሥር" ማለት ነው። በየካቲት 2014 ደግሞ ከ11ዱ የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽነሮች አንዱ ሆነው ተሹመዋል።

አዋጁ ምን አለ?
• የገጠር መሬት የሕዝብ ነው፤ መሸጥም ማስያዝም አይቻልም።
• ጭሰኝነት ቀርቷል።
• አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም።
• ራሱ ማረስ የሚፈልግ ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ መሬት ይሰጠዋል።
• አርብቶ አደሩ በልማድ ከብቱን በሚያግጥበት መሬት የመጠቀም መብት አለው።
• የመሬት ክርክር የሚታየው በገበሬ ማኅበር የፍርድ ሸንጎ ነው።

እኛ ጋ ምን ለወጠ?
በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደጋ ዳሞት ገጠር ዋናው ነገር ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሙግቱ ማለቂያ አልነበረውም። አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ኖሮ ይህንኑ አጥንቶ መጽሐፍ ጽፎበታል። በ1960 የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምፅም አንዱ ስጋቱ "ርስቴን ልነጠቅ ነው" የሚል ነበር።

አዋጁ ለርስት አገር የተለየ ምዕራፍ ነበረው፦ ገበሬው በወቅቱ የሚያርሰውን መሬት ይዞ ይቀጥል አለ። ዘር ቆጥሮ መሬት መጠየቅ በሕግ ቀረ።

ያላለቀው ጉዳይ
የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ገበሬው መሬት በነፃ የማግኘት፣ ገበሬውም አርብቶ አደሩም ያለመፈናቀል መብት አላቸው ይላል። ግን መሬቱ አይጨምርም፣ ሰው ይጨምራል። በአማራ ክልል ሰፊ የመሬት ድልድል የተደረገው በ1989 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ የገበሬ ልጅ ተስፋው በአብዛኛው የወላጆቹ ማሳ ነው፤ እሱም ለወንድምና ለእህት ተካፍሎ።

የአቶ ዘገየን ሥራ እናክብር ካልን ከቤት እንጀምር። የቤተሰባችሁን የይዞታ ደብተር አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእናታችሁ ስምስ አለበት?